ባዶና ዜሮ

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ በቴሌግራም "ጋሼ፣ የጅማ ሰዎችን ኮሜንት ሰብስቤ ዳታውን ክሊን እያደረግኩ ነው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈውን በሙሉ ልሰርዘው?" ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ፣ ያ እኮ ቆሻሻ አይደለም፣ አብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው፣ ከ1984 ጀምሮ በቁቤ ነው የሚጻፈው፣ እሱን አጥፍተህ "ጅማ እንዲህ ያስባል" ልትል ነው? ብዬ ልቆጣው ስል የራሴ ነገር ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

1996 ላይ ነው። ያኔ ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር በፈረንጅ 1973 የጻፈውን አንብቤ ልቤ ጠፍቶ ነበር፣ ቦስተን አጠገብ ሥራ የቀየሩ ሰዎችን ጠይቆ ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ጓደኛ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነው ይላል። እኔም ሂርማታ ገበያ ወርጄ ነጋዴ ሴቶችን "ሲቸግርሽ ከማን ትበደሪያለሽ?" እያልኩ አምስት አምስት ስም መመዝገብ ጀመርኩ። ሐሙስ ነው፣ ጭቃ ነው፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ነበር የምዞረው። አንዷ በርበሬ ሻጭ ሰምታኝ ስታበቃ መስፈሪያ ጣሳዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች "የሰው ስም አልጠራም" አለች። ደግሜ ጠየቅኳት፣ ዝም። አምስቱም መስመር ባዶ ቀረ። ማታ መብራት ሳይጠፋ ልጨርስ ብዬ እየተጣደፍኩ ሳስገባ (ፍሎፒ ተበላሽቶበት የሁለት ሳምንት ሥራ ያጣ ሰው ይሄን ጥድፊያ ያውቀዋል) ባዶው ላይ ዜሮ መታሁበት፣ "አልናገርም" ያለችው "ከማንም አልበደርም" ሆነ። ማን ከማን እንደሚበደር የሚያሳየው ስዕል ሲወጣ ሌሎቹ በመስመር ተያይዘዋል፣ እሷ ጥግ ላይ ብቻዋን አንዲት ነጥብ። ሰው ፊት ቆሜ "ይቺ ከገበያው መረብ የተገለለች ናት" አልኩ፣ ተጨበጨበልኝም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሳወራላት (ይሄም ጥፋት ነው፣ የጠየቁትን ሰው ነገር ቤት ይዞ መግባት) ሳቋን ለቀቀችው። ሴትዮዋ የዕቁቡ ሰብሳቢ ናት፣ ባለቤቴ ራሷ ሦስት ዓመት እሷ ጋ ስትጥል ኖራለች፣ እኔ አላውቅም! ማን ከማን እንደተበደረ፣ ማን መክፈል አቅቶት እንደሚደበቅ ሁሉም እሷ ሆድ ውስጥ ነው፣ ስም ብትጠራ ነበር የሚገርመው። ሪፖርቱ ግን ገብቶ ነበር። ላስተካክል እችል ነበር፣ አፈርኩና ተውኩት።

እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ገበያ ሳትወርዱ ነው ስለ ገበያ የምታወሩት፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መቶ ሺህ ኮሜንት ማውረድ ጥናት መስሏችኋል። ቆይ፣ እኔስ ወርጄ ምን አየሁ? እንዲያውም ማሽኑ ባይሆን ያቺን ነጥብ ልብም አልላት። ኮድ ለመጻፍ ፓይተን ይሻላል ወይስ አር ለሚለው ዩቲዩብ አለላችሁ፣ እኔን አትጠይቁኝ። ፀሐይና ጸሀይ ማሽኑ ሁለት ቃል አድርጎ ስለሚቆጥራቸው አንድ አድርጓቸው፣ እሱ ችግር የለውም። የምትሰርዙትን ግን ከመሰረዛችሁ በፊት ሃምሳውን እንኳ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ያን ተማሪ በላቲን የተጻፈው ስንት ነው ብዬ ስጠይቀው "ግማሽ ይሆናል ጋሼ" አለኝ።

ለሴትዮዋ እስካሁን አልነገርኳትም። በርበሬ ከሷ ነው የምንገዛው፣ ሰፍራ ስታበቃ አንድ እፍኝ ትመርቅልኛለች።