ዶክተር፣ ሽሪምፕ በልቼ ሳላውቅ የሽሪምፕ አለርጂ ይይዘኛል እንዴ?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነው? 34 ዓመቴ ነው። ጉበቴ ላይ ያለ እባጭ ለመታየት ባንኮክ ሄጄ ከሆስፒታሉ አጠገብ ያለ ሬስቶራንት ገባሁና አረንጓዴ ካሪ በዶሮ አዘዝኩ፣ ሽሪምፕ በሃይማኖቴም ስለማልበላ አስተናጋጁን ጠይቄው የለውም አለኝ። ገና በልቼ ሳልጨርስ ከንፈሬ አበጠ፣ አንገቴና ደረቴ ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ጉሮሮዬም ጠበብ አለኝ። ሴትሪዚን የሚባለውን የአለርጂ ኪኒን ውጬ ተኛሁ፣ ጠዋት ደህና ነበርኩ። ቃሪያው ይሆን? በቅርቡ ለቀጠሮ እመለሳለሁ፣ ሲቲ ስካን በኮንትራስት (ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በሚወጋ ፈሳሽ) ታዞልኛል፣ ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ደሞ የሽሪምፕ አለርጂ ካለብሽ ኮንትራስት አይሰጥሽም አለችኝ።

መልስ፦ እህቴ እንኳን ደህና ተነሳሽ፣ የምሬን ነው። ቃሪያ አፍ ያቃጥላል፣ ላብ ያስወጣል፣ አፍንጫ ያስፈስሳል እንጂ ደረት ላይ ሽፍታ አያወጣም፣ ያንቺ ነገር አለርጂ ነው የሚመስለው።

አስተናጋጁ አልዋሸሽም፣ ሳህኑ ላይ የሚታይ ሽሪምፕ የለም ማለቱ ነው። የአረንጓዴ ካሪ ድልህ ግን ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጠጅ ሳርና ከድንብላል ሥር ጋር አብዛኛውን ጊዜ ካፒ የሚሉት ነገር ተጨምሮበት ይወቀጣል፣ ካፒ ማለት በጨው ቦክቶ የደረቀ የሽሪምፕ ድልህ ነው፣ ድልሁ ደሞ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለሚቀመጥ አንቺ ስታዢ አውጡልኝ ብትዪም አይወጣም። ሶም ታም የሚባለው የፓፓያ ሰላጣና ፓድ ታይ የሚባለው የተጠበሰ ኑድልም ብዙ ጊዜ የደረቀ ሽሪምፕ አላቸው፣ ቶም ያም የሚባለው ሾርባ ውስጥ የሚገባው የቃሪያ ድልህም እንደዛው። ስለዚ ሽሪምፕ አለው ወይ ሳይሆን ካፒ አለው ወይ፣ የደረቀ ሽሪምፕ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ከዛ በላይ የሚሻለው ሆቴሉ ሪሴፕሽን ላይ በታይኛ አጽፈሽ ወረቀቱን ለወጥ ቤቱ መስጠት ነው።

በልቼው አላውቅም ላልሽው፣ የሽሪምፕ ዋናው አለርጂ አምጪ ትሮፖማዮሲን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ቢበስልም አይጠፋም። የሱ ዘመድ የሆነ ፕሮቲን በረሮ ውስጥም አለ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ውስጥ በሚኖሩት በዓይን በማይታዩት የአቧራ ተባዮች ውስጥም አለ፣ ስለዚ ሰውነትሽ ሽሪምፕ ሳትቀምሺ ቤትሽ ሆነሽ ተለማምዶት ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው ግን የቆዳ ወይም የደም ምርመራ ነው። እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድሃኒት የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ፣ እሱም ብቻውን ከንፈር ያሳብጣል (ሽፍታና ማሳከክ ግን የለውም)።

አሁን የምቆጣሽ ነገር አለ። ጉሮሮ ጠቦ ሴትሪዚን ውጦ መተኛት! ሴትሪዚን ማሳከኩንና ሽፍታውን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወረደ ግፊትም አያነሳም። ይሄን የሚያደርገው ኤፒኔፍሪን ነው፣ ለአዋቂ በተዘጋጀው መርፌ 0.3 ሚሊግራም፣ ጭን ላይ በውጪ በኩል፣ በልብስ ላይም ቢሆን ይወጋል፣ ካልተሻለሽ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ይደገማል። ከዛ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ጋደም በዪ፣ ለመተንፈስ ከከበደሽ ግን ቁጭ በዪ፣ ብቻ ተነስተሽ አትራመጂ፣ አምቡላንስ አስጠሪ፣ ታይላንድ ውስጥ 1669 ነው። ቢሻልሽም ሆስፒታል ሂጂ ምክንያቱም ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አለ። መርፌው እዚህ ፋርማሲ እንደልብ ስለማይገኝ እዛ እንደደረስሽ ከምግብ በፊት ሐኪሙን አጽፊው።

የጾም ጊዜ ከሆነ ደሞ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ የ«ጄ» ምልክት ያለበት ቤት ፈልጊ፣ የእንስሳት ተዋጽኦ ጭራሽ አይገባበትም፣ ካፒም የአሳ ሶስም። ዝም ብሎ የአትክልት ምግብ ነው የሚሉሽ ቤት ግን የአሳ ሶስ አይቀርም።

ስለ ኮንትራስቱ ጓደኛሽ ያለችሽ ብዙ ባለሙያም የሚደግመው የቆየ ነገር ነው። የሽሪምፕ አለርጂ ከፕሮቲኑ እንጂ ኮንትራስቱ ውስጥ ካለው ከአዮዲን አይደለም፣ ስለዚ በሱ ብቻ ምርመራው አይሰረዝም። በፊት ኮንትራስት ተወግተሽ ሽፍታ ወይም ማፈን አጋጥሞሽ ከሆነ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አስምና የኩላሊት ችግር ካለብሽም መርፌው ከመወጋትሽ በፊት ለራዲዮሎጂዎቹ ንገሪያቸው፣ ባንኮክ የሆነብሽንም ጨምረሽ።