ለ2.5 ዲዝል ፒክአፕ የቱ ማርሚታ ይሻላል?

ከአዳማ የጻፈልኝ ወንድም ሃይሉክስ ደብል ጋቢና አለው፣ ሞተሩ 2.5 ዲ ፎር ዲ የሚባለው ባለቱርቦ ዲዝል ነው። ማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነው ሆድ ያለው ጣሳ፣ ከሆዱ በስብሶ ተቀዷል። ጋራዥ ሲጠይቅ «በላሜራ ሠርተን እንገጥምልሃለን» አሉት። ሶማሌ ተራ ወርዶ ደግሞ ክብ፣ የሚያብለጨልጭ፣ «ስፖርት» የሚሉትን ማርሚታ አየና ልቡ ሄደ። ጓደኛው በበኩሉ ጭራሽ አስወልቀህ ቀጥ ያለ ቱቦ አስበይድበት፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጉልበትም ይጨምራል እያለ ወጥሮ ይዞታል። መኪናዋ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ትመላለሳለች፣ አንዳንዴም ጭነት ይዛ። የቱን ላድርግ ነው ጥያቄው።

ከጓደኛህ ልጀምር። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ያለው ዲዝል ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድ ሲከፈትለት ይቀለዋል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ያንተን ሞተር ናፍጣ የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው፣ እሱ ደግሞ የተዘጋጀው በፋብሪካው ቱቦና ማርሚታ ልክ ነው። የድሮው ማርሚታ ውስጡ ካልተደፈነ በቀር ልዩነቱ ማደያ ላይ የምታየው ነገር አይሆንም። በደንብ የሚጨምረው ድምፁ ነው፣ ድምፅ ደግሞ ለሰው ጆሮ ጉልበት ይመስላል።

በሌላ ወገን «ሞተር የኋላ ግፊት ካላገኘ ይደክማል» የሚሉ አንጋፋ መካኒኮች አሉ። እነሱም ልክ አይደሉም። የትኛውም ሞተር ጭሱ እንዲታፈንበት አይፈልግም። ቱርቦ በሌለው ቤንዚን ሞተር ላይ ከመጠን በላይ ሰፊ ቱቦ ስትገጥም ጭሱ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በዝቅተኛ ዙር የሚገኘው መሳብ ይላላል፣ እነሱ ያዩት ይህንን ነው። ቱርቦ ዲዝል ላይ ይህ ስጋት የለም። ስለዚህ ቀጥ ያለ ቱቦ አታስገባ የምልህ ሞተሩ ይደክማል ብዬ አይደለም። አንተው ትደክማለህ ብዬ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቃጥላል። የዙር ቆጣሪው 2,400 ላይ ሲቆም በሰከንድ 40 ዙር ነው፣ በቱቦው ውስጥ ደግሞ በሰከንድ 80 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። 80 ኸርዝ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፣ ዝግ ጋቢና እንደ ከበሮ ይቀበለዋል። ከተማ ውስጥ ማርሽ እየቀያየርክ ስትነዳ ላይሰማህ ይችላል። ሞጆን አልፈህ መስኮት ዘግተህ በአንድ ፍጥነት ስትይዘው ነው ጆሮህ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠው። ብዙ ሰው ማርሚታ አስቀይሮ ጋራዡ በር ላይ ጋዝ ሰጥቶ ይሰማና «አሪፍ ነው» ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ በሳምንቱ ይመለሳል።

ያ የሚያብለጨልጨው ስፖርት ማርሚታ ውስጡ ምንድን ነው? መሀሉ ላይ የተበሳሳ ቀጥ ያለ ቱቦ አለ፣ ዙሪያው በፋይበር ተጠቅልሏል። ቀጭኑን፣ የሚያፏጨውን ድምፅ ፋይበሩ በደንብ ይበላዋል። ወፍራሙን ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል፣ ያንተ ችግር ደግሞ ወፍራሙ ነው። በዚያ ላይ ዲዝል ጥላሸት አለው። ጥላሸቱ በየቀዳዳው እየገባ ፋይበሩን ይደፍነዋል፣ ፋይበሩም ከጊዜ ብዛት ተቃጥሎና ተበጣጥሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ድምፁም በየወሩ እየጨመረ ይሄዳል። ለቤንዚን መኪና፣ ለወጣት ልጅ፣ እሺ። ለሥራ መኪና ግን አልመክርም።

ላንተ የምመርጠው ክፍል ክፍል ያለውን ነው። ውስጡ በላሜራ ግድግዳዎች ተከፍሎ ጭሱ በአንዱ ቱቦ ገብቶ፣ ዞሮ፣ በሌላው የሚወጣበት ዓይነት። የድምፁ ሞገድ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ይጋጭና አንዱ ሌላውን ያጠፋል። ይሄ ሥራ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ትልቅ ሆድ ያለውን፣ ሞላላውን ውሰድ። ፒክአፕ ሥር ቦታ ሞልቷል፣ በትንሽ ማርሚታ የምትቆጥበው ነገር የለም።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ትለያለህ? የስልክህን መብራት በአንዱ አፍ አብራና በሌላው እይ። ብርሃኑ በቀጥታ ከታየህ ቀጥ ያለ ነው፣ ካልታየህ ክፍል አለው። ከዚያ አንሳው። ተመሳሳይ መጠን ካላቸው ሁለት ማርሚታዎች ከበድ የሚለው ባብዛኛው ላሜራው ወፈር ያለ፣ ግድግዳውም የበዛ ነው። አወዛውዘው፣ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ብየዳው ለቋል፣ ዋጋው ቢቀንስም ተወው። መግቢያና መውጫውን የሚያሳይ ቀስት ካለውም ያዝ፣ አንዳንዱ ተገልብጦ ሲገጠም በደንብ አይሠራም።

ማግኔት ይዘህ ሂድ፣ የማይጠቅም እንዳይመስልህ። «ስቴንለስ ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። 304 የሚባለው ስቴንለስ ማግኔት አይስበውም፣ ወይም በጣም በትንሹ ነው የሚስበው። 409 የሚባለው ግን ስቴንለስ ሆኖም ማግኔት ይስበዋል፣ ብዙ ማርሚታ የሚሠራውም ከእሱ ነው። ስለዚህ ማግኔት ስለሳበው ብቻ ውሸታም አትበለው። የ304 ዋጋ ጠይቆህ ማግኔቱ ጥብቅ ካለ ግን ዋጋውን ያወርድ። በአሉሚኒየም የተለበጠ ብረትም ላንተ በቂ ነው፣ ከተራው ላሜራ በጣም ይሻላል።

የላሜራውን ሥራ አልንቅም፣ ጥሩ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ችግሩ ተዘግቶ ከተበየደ በኋላ ውስጡን የሚያይ የለም። አንዳንዱ ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ መሀሉ ላይ አንዲት ግድግዳ እንኳ የላትም። ከመዝጋቱ በፊት አሳየኝ በለው። ላሜራው 1.5 ሚሊ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ከ1 ሚሊ የቀጠነ ከሆነ እርሳው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፣ ለቱቦው ዚንክ የተነከረ የውሃ ቧንቧ እንዳይጠቀም። ዚንኩ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ለትኩሳትና ለብርድ ብርድ ይዳርገዋል፣ በብየዳው ዙሪያም ልባጡ ተቃጥሎ ያልቃል፣ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል።

የድሮው ለምን በሰበሰ ብለህ ካሰብክ፣ መልሱ ውሃ ነው። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 1 ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። ረጅም መንገድ ስትሄድ ማርሚታው ስለሚግል ተኖ ይጠፋል፣ ሰፈር ውስጥ አጭር አጭር ስትነዳ ግን ቀዝቅዞ ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በናፍጣው ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከሥር፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚበላው። ከፋብሪካ የሚመጡ ብዙ ማርሚታዎች ከታች በኩል በጣም ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። ስንት ደንበኛ ነው «አዲሱ ማርሚታ ተበስቷል፣ ድፈንልኝ» ብሎ የሚመጣ! እንዳታስደፍነው። ውሃው የሚወጣው በእሷ ነው፣ ሲገጠምም ወደ መሬት መዞሯን እይ።

ስለ ቱቦው ውፍረት አጭር ነው። ሱቅ ከመሄድህ በፊት የቱቦህን የውጭ ስፋት በካሊፐር ለካ፣ በግምት አትሂድ። ያንኑ መጠን፣ ቢበዛ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ውሰድ። ከ2 ኢንች ወደ 2 ኢንች ተኩል መሄድ ትንሽ ይመስላል፣ ግን የጭሱ መተላለፊያ ከግማሽ በላይ ይሰፋል። 3 ኢንች የሚያስፈልገው ኮምፒውተሩን አስቀይሮ ሞተሩን ለሚያጠነክር ሰው ነው። ደግሞ ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራው ክፍል) ካለው አይነካ። ሊሠሩልህ አውልቀውት ከሆነ አሮጌው የት ሄደ ብለህ ጠይቅ፣ ውስጡ ፕላቲነም ስላለ የሚገዛው አለ።

ገጠማው ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚበላሸው። በያጁ ሥራ ሳይጀምር የባትሪውን ኔጌቲቭ ያውልቅ፣ የብየዳውን መሬት (የመመለሻ ገመዱን) ደግሞ እዚያው ከሚበየደው አጠገብ ይያዘው፣ የኮምፒውተር መኪና ነው። ማርሚታው በጎማ ማንጠልጠያ ይንጠልጠል እንጂ ከሻንሲው ጋር አይበየድ። ዲዝል ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ ይወዛወዛል፣ ቱቦው አብሮት ካልተወዛወዘ ፍሌክሲብሉ (የሚተጣጠፈው ቱቦ) ወይም የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (ጭሱ ከሞተሩ በሚወጣበት በኩል ያለው ማሸጊያ) ዋጋውን ይከፍላል። ከዚያ አንተ ራስህ ሥር ገብተህ የኋላውን ድልድይ (የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘውን አክስል) እይ። ባዶ መኪና ላይ ሰፊ የሚመስለው ክፍተት ጭነት ስትጭን ባሌስትራው ሲተኛ ይጠፋል፣ ቱቦው ድልድዩን ይመታል። የኋላ ፍሬን ጎማ ቱቦና ስኮርታ ጎማውም እዚያው አካባቢ ናቸው፣ ጋለው ብረት እንዳይጠጋቸው።

የጭስ ማውጫው ጫፍ የት ያበቃል የሚለውን አደራ። ለማሳጠር ብለው ጋቢናው ሥር ቆርጠው የሚተዉ አሉ። ጭሱ በመስኮትና በወለል ክፍተት ይገባል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም። ከኋላ በር መስኮት አልፎ፣ ከመኪናው አካል ወጣ ብሎ ማለቅ አለበት።

ተገጥሞ ሲያልቅ ገንዘብ ሳትከፍል ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ አስነሳና ጓንት ባደረገ እጅ ወፍራም ጨርቅ ጫፉ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያዝ። የሚያፏጭ ከሰማህ ያፈሳል ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ ደግሞ በየመጋጠሚያው ጥቁር ጥላሸት ፈልግ። ካገኘህ፣ በክላምፕ የታሰረውን ሲቀዘቅዝ አጥብቀው፣ የተበየደውን ግን ራስህ አትነካካው፣ ወደ ሠራው ሰው መልሰህ ውሰደው።