የዝዋይና የላንጋኖ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ በኮምፒውተር ሞዴል፦ ጥያቄና መልስ

ርዕሳችን የከርሰ ምድር ውሃ ፍሰትን፣ ሙቀትንና የኬሚካል ለውጥን በኮምፒውተር ማስላት ነው። ምሳሌ ሲያስፈልግ ከዝዋይና ከላንጋኖ አካባቢ እንወስዳለን፤ የጉድጓድ ፍሎራይድም የአሉቶ እሳተ ገሞራ እንፋሎትም እዚያው ጎን ለጎን ይገኛሉና።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ነው። አማካሪዬ ፍሰቱን፣ ሙቀቱንና ኬሚስትሪውን አጣምሬ እንድሠራ ነግረውኛል። በየትኛው ፕሮግራም ልጀምር?

መልስ፦ ማጣመሩ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ከእሱ አትጀምሪ። መጀመሪያ ፍሰቱን ብቻ በሞድፍሎ 6 (የከርሰ ምድር ውሃ ፍሰት ማስሊያ) ሥሪ። ለብቻው ደግሞ የጉድጓዶቹን የላብራቶሪ ውጤት ወደ ፍሪክሲ (የውሃ ኬሚስትሪ ማስሊያ) አስገብተሽ ውሃው ከየትኛው ማዕድን ጋር ሚዛን ላይ እንደሆነ እዪ። ሁለቱም የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ያወጣቸው ነጻ ፕሮግራሞች ናቸው። ሦስቱን በአንዴ ካጣመርሽ ውጤቱ ሲበላሽ ጥፋቱ የድንበሩ ይሁን፣ የማዕድኑ ወይስ የጊዜ እርምጃው መለየት አትችይም።

ሙቀቱን በሚመለከት፣ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶችሽ ከ50 ዲግሪ የማያልፉ ከሆነ የሚለካውን ሙቀት እንደ ቋሚ ቁጥር ለፍሪክሲ መስጠት ይበቃል። እንፋሎትና ፈሳሽ ውሃ አብረው ያሉበት ቦታ፣ ለምሳሌ አሉቶ፣ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሞድፍሎ አይሠራም፤ በሎውረንስ በርክሌይ ላብራቶሪ የተሠሩት ታፍ2 ወይም (ኬሚስትሪ ከተፈለገ) ታፍሪአክት ያስፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ አንዱ ጉድጓድ 2 ሚሊግራም በሊትር ፍሎራይድ፣ ትንሽ ራቅ ያለው 12 ያሳያል። አለቱ ግን አንድ ነው። ሞዴሉ ይህን እንዴት ሊያሳይ ይችላል?

መልስ፦ አብዛኛው ሰው የፍሎራይዱን ምንጭ ሲያሳድድ ካልሲየሙን ይረሳል። ምንጩ በሸለቆው ወለል ላይ በየቦታው አለ፦ የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ ፑሚስ፣ የሐይቅ ደለል። የፍሎራይዱን ጣሪያ የሚወስነው ፍሎራይት የተባለው የካልሲየምና የፍሎራይድ ማዕድን ነው፤ እሱ ደግሞ በካልሲየም ላይ የተመሠረተ ነው።

በቁጥር እንየው። የፍሎራይት የሟሟት ቋሚ በ25 ዲግሪ በሎጋሪዝም −10.6 ነው። ውሃው 40 ሚሊግራም በሊትር ካልሲየም ካለው (1 ሚሊሞል)፣ ፍሎራይድ 3 ሚሊግራም ገደማ ላይ ሲደርስ ፍሎራይት መዝቀጥ ይጀምራል። ካልሲየሙ ወደ 4 ሚሊግራም ከወረደ ጣሪያው ወደ 9.5 ይወጣል። ይህ የአክቲቪቲ ማስተካከያ (የአዮኖቹ እርስ በርስ ተጽዕኖ) ሳይገባ ነው፤ ሲገባ ሁለቱም ቁጥሮች ከፍ ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ 1.5 ስለሆነ ፍሎራይት ብቻውን ውሃውን ለመጠጥ እንደማያበቃው ከዚሁ ይታያል።

ካልሲየሙ የት ይሄዳል? ከአርሲ ደጋ የሚወርደው ውሃ በመጀመሪያ የካልሲየም ባይካርቦኔት ውሃ ነው። ወደ ሸለቆው ወለል ሲጓዝ ካልሳይት (የካልሲየም ካርቦኔት ማዕድን) ይዘቅጣል፤ በሸክላው ላይ ደግሞ ካልሲየም ገብቶ ሶዲየም ይወጣል። ስለዚህ በሞዴልሽ ካልሳይት፣ የአዮን ልውውጥ፣ የመስታወት መሟሟትና ፍሎራይት የግድ ይግቡ። አራቱ ካሉ የ2 እና የ12 ልዩነት በፍሰት መንገዱ ርዝመት ሊገለጽ ይችላል። ግን መጀመሪያ የፍሎራይትን የሙሌት መለኪያ ተመልከቺ፦ በደንብ ከዜሮ በታች ከሆነ ጣሪያው ገና አልተደረሰም፤ ፍሎራይዱን የሚወስነው ከመስታወቱ የሚወጣበት ፍጥነት ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪክሲ የቻርጅ ሚዛን ስህተት (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አዮኖች ድምር አለመመጣጠን) 13 በመቶ ይለኛል። ካታየኖቹ (ፖዘቲቭ አዮኖቹ) በሊትር 12 ሚሊኢኩቫለንት ናቸው። አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም) 492፣ ፍሎራይድ 19 ሚሊግራም በሊትር። ላብራቶሪው ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ ላብራቶሪውን ከመውቀስዎ በፊት ሁለት ነገር ይዩ። 492 የተጻፈው እንደ ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ 9.8 ሚሊኢኩቫለንት ነው። እርስዎ እንደ ባይካርቦኔት ካስገቡት 8.1 ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፍሎራይዱን አስገብተዋል? በተለመደው ውሃ ፍሎራይድ ከቁጥር አይገባም፤ 19 ሚሊግራም ግን ሙሉ 1 ሚሊኢኩቫለንት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 13 በመቶውን ይሞሉታል።

ከ5 በመቶ በታች ሲወርድ ቀሪውን በክሎራይድ ወይም በሶዲየም ማስተካከል ይቻላል። በፒኤች ግን በፍጹም፤ ቻርጁ ይገጥምልዎታል፣ የካልሳይቱ ሚዛን ግን ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ፍሎራይድ በካልሲየም ከወረደ፣ ጂፕሰም ጨምረን ችግሩን መፍታት አንችልም?

መልስ፦ ሞዴሉ በአንድ ደቂቃ ይመልስልሃል። ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ ብዙውን ጊዜ ካልሳይት ሞልቶበታል። 1 ሚሊሞል ጂፕሰም (172 ሚሊግራም በሊትር) ብትጨምር ብዙው ካልሲየም ወደ ካልሳይት ይሄዳል፤ ለፍሎራይት የሚተርፈው ጥቂት ነው። አንዴ ካልሳይት እንዲዘቅጥ ፈቅደህ፣ አንዴ ከልክለህ አስላው። የገበሬው በርሜል ውስጥ የሚሆነው በሁለቱ መካከል ነው፤ ፍሎራይትም ቢሆን ቶሎ አይዘቅጥም። በዚያ ላይ ሰልፌቱን አትርሳ፣ የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ የሞድፍሎ ግሪዴን (ቦታውን ወደ ሴሎች የሚከፍለውን መረብ) ሰሜን–ደቡብ አድርጌ ሠራሁት። ስንጥቆቹን እንዴት ላስገባቸው?

መልስ፦ በሸለቆው ወለል ያሉት የወንጂ ስንጥቆች ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጉ ናቸው። ውሃ በስንጥቁ ርዝመት በቀላሉ ይሄዳል፣ ስንጥቁን አቋርጦ ለማለፍ ግን ይቸገራል። ሞድፍሎ የአቅጣጫ ልዩነትን የሚያውቀው በግሪዱ ረድፍና ዓምድ ብቻ ስለሆነ ግሪዱን በስንጥቁ አቅጣጫ አዙረው። ማዞር ካልፈለግህ ሞድፍሎ 6 ውስጥ ኤክስቲ3ዲ የሚባለውን አማራጭ ክፈት፤ ስሌቱ ግን ይዘገያል።

ሐይቆቹንም ተጠንቀቅ። ዝዋይን የማይለወጥ ከፍታ አድርገህ ካስገባኸው ሞዴሉ ዳርቻው ላይ ላለ ማንኛውም ፓምፕ ማለቂያ የሌለው ውሃ ይሰጣል፤ የፓምፕ ጉዳት ጥናት በዚህ ምክንያት ብቻ ከንቱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሞድፍሎ ሴሎቼ እየደረቁ ስሌቱ ይቆማል።

መልስ፦ የኒውተንን አማራጭ ክፈት። ከዚያም ሪቻርጁን (ከላይ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገውን ውሃ) መርምር፦ በዓመት 100 ሚሊሜትር ማለት በቀን 0.000274 ሜትር ነው። አንድ ዜሮ ያለቦታዋ ገብታ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የፓምፕ ሙከራ በቀን 1 ሜትር የሚል ሃይድሮሊክ ኮንዳክቲቪቲ ሰጥቶኛል። ታፍ2 የሚጠይቀኝ ፐርሚያቢሊቲ ነው።

መልስ፦ በ20 ዲግሪ 1 ሜትር በቀን ማለት 1.2 ሲባዛ በ10 የ−12 ኃይል ካሬ ሜትር ነው። ሁለቱም የማሳለፍ አቅም መለኪያዎች ናቸው፤ ፐርሚያቢሊቲ የአለቱ ብቻ ጠባይ ነው፤ ኮንዳክቲቪቲ ግን ውሃውንም ይጨምራል። በ200 ዲግሪ ውሃው ስለሚቀጥን እዚያው አለት ውስጥ ኮንዳክቲቪቲው 6.5 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሙከራው የተደረገው በሙቅ ጉድጓድ ከሆነና አንተ በ20 ዲግሪ ከቀየርከው አለቱን ከልክ በላይ አሳላፊ አድርገኸዋል።

ጥያቄ፦ አሉቶ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ መሬት ብንመልስ ቅዝቃዜው አምራቹ ጉድጓድ መቼ ይደርሳል? ቀለም ጨምረን ብንለካ ያው አይደለም?

መልስ፦ ያው አይደለም። ውሃው በመንገዱ ካለው አለት ሙቀት ስለሚወስድ ቅዝቃዜው ከውሃው ኋላ ይቀራል። ፖሮሲቲ (በአለቱ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ) 20 በመቶ ሆኖ የአለቱ የሙቀት አቅም በኪዩቢክ ሜትር 2.2፣ የውሃው 4.18 ሜጋጁል በዲግሪ ከሆነ፣ ቅዝቃዜው የሚጓዘው በውሃው ፍጥነት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው።

ይህ ግን አለቱ እንደ አሸዋ ወጥ ከሆነ ነው። በአሉቶ ውሃው የሚሄደው በስንጥቅ ነው፤ የአለቱን መሃል አይነካም። ስለዚህ ወጥ አድርጎ የተሠራ ሞዴል አለመጠን ተስፋ ይሰጣል። ታፍ2 ውስጥ ሚንክ የተባለው ዘዴ ስንጥቁንና የአለቱን መሃል ለየብቻ ይይዛል፤ እሱን ተጠቀም፣ የስንጥቆቹን ርቀት ደግሞ በ10፣ በ50 እና በ100 ሜትር እየቀየርክ አስላ። የውጤቱ ስፋት ሊያስደነግጥህ ይችላል፤ ለውሳኔ ሰጪዎች መቅረብ ያለበት ግን ያ ስፋት ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ታፍ2 መፍላት ሲጀምር የጊዜ እርምጃው ወደ ሰከንድ ወርዶ እዚያው ይቀራል።

መልስ፦ በጉድጓዱ ሴል ላይ ቋሚ ፍሰት አዘዋል መሰለኝ። ግፊቱ ሲወድቅም ሞዴሉ ያንኑ መጠን ለማውጣት ይታገላል። ፍሰቱን በጉድጓዱ ግርጌ ግፊትና በምርታማነት መለኪያ ይተኩት፤ በጣም ትንንሽ ሴሎችም ካሉ ያዋህዱ።

መነሻ ሁኔታውንም ይመልከቱ። ምርት ከማስገባትዎ በፊት ሞዴሉ ያለ ምንም ጉድጓድ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሮጦ መረጋጋት አለበት። የተረጋጋው ሙቀት ከሚለካው ጋር ይነጻጸራል፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 በአሉቶ ከተቆፈሩት ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ከ300 ዲግሪ በላይ አሳይተዋል። ሞዴልዎ እዚያ 240 ካለ ምርት መተንበይ ገና ነው።

ጥያቄ፦ የሴል ስፋት 200 ሜትር ለፍሎራይድ ይበቃል?

መልስ፦ ለፍሰት አዎ፣ ለኬሚስትሪ አይበቃም። የአለቱ ዲስፐርሲቪቲ (የስርጭት መለኪያው) 10 ሜትር ነው ብትይም፣ በተለመደው የስሌት ዘዴ የ200 ሜትር ሴል በራሱ 100 ሜትር ገደማ የሐሰት ስርጭት ይጨምራል። ለጨው ብቻ ቢሆን ግንባሩ ደበዘዘ ብለን እናልፈው ነበር። ኬሚስትሪ ሲገባ ግን የሐሰት ቅልቅል የሐሰት ዝቃጭ ይወልዳል፦ በመሬት ውስጥ የማይገናኙ ሁለት ውሃዎች በሴሉ ውስጥ ይገናኙና ካልሳይት ይወርዳል። ሴሉ ከዲስፐርሲቪቲው እጥፍ አይለፍ፤ እዚህ 20 ሜትር ማለት ነው። የጊዜ እርምጃውም ውሃው አንድ ሴል ከሚያቋርጥበት ጊዜ አይብለጥ፤ በቀን 0.1 ሜትር ከሄደ 200 ቀን።

መላው ተፋሰስ በ20 ሜትር አይቻልም። ከሞድፍሎው አንድ የፍሰት መንገድ አውጥተሽ ኬሚስትሪውን በዚያ መስመር ላይ ብቻ ሥሪ። ከግዙፍና ደብዛዛ ሞዴል ይህ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ማዕድን ሲዘቅጥ ፐርሚያቢሊቲ በስንት ይቀንሳል?

መልስ፦ በኮዜኒ–ካርማን ቀመር ፖሮሲቲ ከ20 ወደ 15 በመቶ ሲወርድ ፐርሚያቢሊቲ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል። በስንጥቅ ውስጥ ግን ዝቃጩ ጠባቡን ቦታ ቀድሞ ስለሚዘጋ እውነቱ ከዚህ የከፋ ነው። ቀመሩን በዝቃጭ ለሚዘጋ ጉድጓድ አልመክርም።

ጥያቄ፦ ፔስት (ሞዴልን ከልኬት ጋር የሚያስማማው ፕሮግራም) ግሩም ካሊብሬሽን ሰጥቶኛል፤ የውሃ ከፍታው በሙሉ ገጥሟል። ጨረስኩ ማለት ነው?

መልስ፦ ሪቻርጁንም ኮንዳክቲቪቲውንም በእጥፍ አድርገህ እንደገና አስላ። ከፍታው እንዳለ ይቀመጣል፤ የውሃው ፍጥነት ግን ከእጥፉ ጋር እጥፍ ይሆናል፣ ፍሎራይዱም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ የፍሰት መለኪያ ያስፈልግሃል፦ የመቂ ወይም የካታር ወንዝ የበጋ ፍሰት (ለመስኖ የተሳበውን መልሰህ ደምረህ)፣ ወይም የምንጭ ልኬት።

ጥያቄ፦ ለናሙና ልንወጣ ነው። ሞዴሉ የሚፈልገው ምንድን ነው?

መልስ፦ ፒኤች፣ ሙቀትና አልካሊኒቲ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይለኩ፤ ጠርሙሱ ላብራቶሪ እስኪደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥቶ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ ካልሳይቱም ከልክ በላይ የሞላ ይመስላል። ለካታየን ተጣርቶ ናይትሪክ አሲድ የገባበት አንድ ጠርሙስ፣ ለአናየን (ለኔጌቲቭ አዮን) እና ለፍሎራይድ አሲድ የሌለበት ሌላ። ሁለቱም ፕላስቲክ ይሁኑ እንጂ ብርጭቆ አይሁኑ። ከሙቅ ምንጭ ለሲሊካ ሦስተኛ ጠርሙስ ያዙና በተጣራ ንጹህ ውሃ አሥር እጥፍ አቅጥኑት፤ የተቀጠነበትን መጠን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ።