ቤቱም መንገዱም የሚቆመው በአንድ አፈር ላይ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው ነው፦ ሰማንያ ያህል ቤቶች ያሉት አዲስ መንደር ሊሠራ ነው። ቤቶቹ ከጂ ፕላስ 1 እስከ ጂ ፕላስ 4 ድረስ ናቸው። ቦታው በአንድ በኩል ጥቁር አፈር፣ በሌላ በኩል ተዳፋት ነው። የስትራክቸር መሐንዲሱ ለመሬት መንቀጥቀጥ፣ የመንገድ መሐንዲሱ ለአስፋልቱ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን የአፈር ምርመራ ጠይቀዋል። «አንዱ ለሁለቱም አይበቃም ወይ?»

አይበቃም። ግን ሁለቱ አብረው መታቀድ አለባቸው። ብዙ ዓመት ሳይት ላይ ቆይቻለሁ፤ ገንዘብ ሲባክን ያየሁት ሁለቱ መሐንዲሶች ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ነው።

አፈሩ አንድ ቢሆንም ጥያቄው ይለያያል። ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚፈለገው ከላይ እስከ 30 ሜትር ድረስ ያለው ነገር ነው። መንገዱ ግን በዋናነት የሚጨነቀው ስለ ላይኛው አንድ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለመንገዱ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ለሕንፃው መልስ አይሰጡም፤ ለሕንፃው በማሽን የተቆፈሩ ሁለት ጥልቅ የምርመራ ጉድጓዶችም (ቦርሆሎች) በመንገዱ ርዝመት ሁሉ ስላለው አፈር አይናገሩም።

የመሬት መንቀጥቀጥ ካርታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ቁጥር ለዐለት ወይም ለጠንካራ መሬት የተሰላ ነው። ከላዩ ያለው ለስላሳ አፈር ያንን ሊያባብሰው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን የመታው መንቀጥቀጥ መነሻው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር። ሆኖም ከተማው የተሠራበት የድሮ ሐይቅ ጭቃ ንዝረቱን አጉልቶ መካከለኛ ቁመት ያላቸውን ሕንፃዎች ክፉኛ ጎዳ። አጠገቡ ጠንካራ መሬት ላይ የነበሩት ጉዳታቸው በጣም ያነሰ ነበር። እናም መሐንዲሳችሁን «የሸር ሞገድ ፍጥነቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ አፈሩን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚያልፈው ንዝረት ማለት ነው፣ አፈሩ በለሰለሰ ቁጥር ቀስ ብሎ ይጓዛል። በብዙ ደንቦች የላይኛው 30 ሜትር አማካይ ፍጥነት በሰከንድ ከ180 ሜትር በታች ከሆነ አፈሩ ለስላሳ ከሚባለው ክፍል ይገባል፣ ዲዛይኑም ይከብዳል። ይህን ለማወቅ በየቤቱ 30 ሜትር መቆፈር አያስፈልግም። መሬት ላይ ጂኦፎን (ንዝረት የሚለካ መሣሪያ) ደርድሮ በከባድ መዶሻ እየመቱ ሞገዱን መለካት ይቻላል። ከጥቂት ጥልቅ ቦርሆሎች ጋር ሲጣመር ጥሩ መልስ ይሰጣል።

ከስር ልል አሸዋና ውሃ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ጃፓን ኒጋታ ላይ አሸዋው እንደ ፈሳሽ ሆኖ አፓርታማዎች ግድግዳቸው ሳይፈርስ ተጋድመዋል። ኮለኑን ማወፈር እዚህ ላይ ምንም አይረዳም።

ተዳፋቱ ላይ የምፈራው አንድ ነገር አለ፦ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ተሞልቶ የሚሠራ ቤት። ቆርጠው የደረሱበት በኩል አይነቃነቅም፣ የተሞላው ይሰምጣል። ሲናወጥ ደግሞ ይብሳል። ቤቱን ወደ አንዱ ወገን ማስጠጋት ከተቻለ አስጠጉት። ጂ ፕላስ 4 የሆኑትም ላይ ምድር ቤቱን ለመኪና ማቆሚያ ብላችሁ ግድግዳ አልባ አታድርጉት፤ ካደረጋችሁት ሺር ዎል (የጎን ንቅናቄን የሚቋቋም የአርማታ ግድግዳ) ይኑረው። በመንቀጥቀጥ የሚደረመሰው ብዙ ጊዜ ያ ወለል ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ጥቁር አፈር በበጋ ያታልላል። ድንጋይ ይመስላል፤ ስንጥቁ ግን እጅ ያስገባል። ላብራቶሪ ውስጥ ያንኑ አፈር በብረት ቅርጫ (ሞልድ) ውስጥ ጠቅጥቀው 4 ቀን ውሃ ውስጥ ሲያቆዩት ያብጣል፣ በአውራ ጣት ስትጫኑት ይገባል። የሲቢአር ውጤት (አፈሩ ጭነት የመሸከም አቅሙን በመቶኛ የሚያሳይ ፈተና) ሲመጣላችሁ ናሙናው በውሃ ተዘፍቆ የተፈተነ መሆኑን አረጋግጡ። ደረቁ ቁጥር ለእንዲህ ዓይነት አፈር ዋጋ የለውም። ሲቢአሩ ከ3 በታች ከወረደ አፈሩን ቆርጦ መተካት ወይም በኖራ ማከም ይመጣል። የቱ እንደሚረክስ የሚወስነው ጥሩ አፈር ከምን ያህል ርቀት እንደሚመጣ ነው።

«የመንደር መንገድ ነው፣ የቤት መኪና ብቻ ነው የሚሄድበት» ሲባል እሰማለሁ። ልክ አይደለም። ከባዱ ጭነት የሚመጣው ገና ቤቶቹ ሲሠሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ የተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው የአክስል (የመኪና ጎማ ዘንግ) ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ያድጋል። ገልባጭና ሚክሰር ስንቴ እንደሚመላለሱ ቁጠሩ። እኔ ቤዝኮርሱ (ከአስፋልቱ ሥር ያለው የጠጠር ንብርብር) ለግንባታው እንዲያገለግል፣ የመጨረሻው አስፋልት ግን ቤቶቹ ሲያልቁ እንዲነጠፍ እመክራለሁ።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ የቱቦ ቦይ ነው። በአንድ ሳይት ላይ መንገዱ በደንብ ተሠራ፤ ሮለሩ፣ ምርመራው፣ ሁሉም ነበር። የፍሳሽ ቱቦው ቦይ ግን የተቆፈረው አፈር ተመልሶ ተገፍቶበት ነበር፣ በአንድ ጊዜ፣ ሳይጠቀጠቅ። በመጀመሪያው ክረምት አስፋልቱ ከማንሆል እስከ ማንሆል በቀጥታ መስመር ሰመጠ። ውሃው በስንጥቁ ገባ፣ በቦዩም እየተጓዘ የአንድ ቤት ፉቲንግ (የመሠረት እግር) ሥር ደረሰ። ያኔ ነው መንገድና ቤት አንድ ጉዳይ መሆናቸው የገባኝ። ስለዚህ ቦዩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር፣ በተመረጠ አፈር ይሞላ፤ እያንዳንዱ ንብርብር ተጠቅጥቆ ይፈተሽ። ቱቦው ቤት የሚገባበት ቦታ ላይ ደግሞ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ይኑረው፤ መሬቱ ሲናወጥ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው።

የጎርፍ ዲቹም ከአስፋልቱ በፊት ይሠራ። የጣሪያ ውሃ ከፉቲንጉ ርቆ ወደዚያ ይግባ።

ለነገ አንድ ነገር አድርጉ፦ ቦርሆሎቹ ተቆፍረው ሲያልቁ ቶሎ እንዳይደፈኑ፣ ቱቦ ገብቶባቸው የውሃው ከፍታ በበጋም በክረምትም እንዲለካ ውሉ ላይ አስገቡ። የበጋውን ንባብ ብቻ ይዞ የመጣ ሪፖርት ከሆነ፣ ለሁለቱም መሐንዲሶች ከመስጠታችሁ በፊት መልሱት።