ከዲፓርትመንቱ በፊት ፍሪጁን ጠይቅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 17 ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። ሄሞፊሊያ ኤ (ደም በቀላሉ የማይረጋበት የዘር በሽታ) አለብኝ፣ ከባዱ ዓይነት። ክትትሌ ጥቁር አንበሳ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነኝ፤ ሲቪል ኢንጂነሪንግ መማር እፈልጋለሁ። እናቴ «ከአዲስ አበባ ንቅንቅ አትልም» ትላለች። ጓደኞቼ አያውቁም፤ ሳነክስ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» እላቸዋለሁ። ሌላ ከተማ ሄጄ መማር አልችልም? ማግባት፣ መውለድስ?

መልስ፦ ትችላለህ፤ ሁሉንም። እናትህ የሰጉት ግን በከንቱ አይደለም። አንተ ደምህ ውስጥ ያለው ፋክተር 8፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሮቲን፣ ከጤነኛ ሰው መጠን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ «ከባድ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ሰው የሚፈራልህ ጣትህ እንዳይቆረጥ ነው። እኔ የምፈራልህ ጉልበትህን፣ ክርንህን፣ ቁርጭምጭሚትህን ነው። ደጋግሞ የደማ መገጣጠሚያ ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ አንድ ቀን አልታጠፍም ይላል።

አሁን ጉልበትህ ቢደማ ከአራት ኪሎ ጥቁር አንበሳ በታክሲ ቅርብ ነው። ሌላ ከተማስ? የጎደለህን የሚተካው የፋክተር መድኃኒት እንደ ፓራሲታሞል ከየፋርማሲው አይገዛም፤ አገራችን የሚገባውም በአብዛኛው በዕርዳታ ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ምርጫህን ከመሙላትህ በፊት ሐኪምህን አማክር። እዚያ ከተማ ፋክተር ያለው ሆስፒታል አለ? መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ዶርም ውስጥ ደግሞ ፍሪጅ የለም። የግቢው ክሊኒክ ያስቀምጥልሃል? መልሱ «የለም» ከሆነ እኔም ከእናትህ ጋር ነኝ። እዚሁ አምስት ኪሎም ኢንጂነሪንግ አለ እኮ። ፋክተሩን ደም ሥርህ ውስጥ ራስህ መውጋትም ከአሁኑ ተማር።

መገጣጠሚያ ሲደማ ወዲያው አያብጥም። መጀመሪያ ሞቅ ይላል፣ ውስጡ ይነዝራል፣ የሆነ ነገር የሚሞላበት ይመስላል። ይህን ስሜት ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ያኔ «ፈተናዬን ልጨርስ፣ ማታ አየዋለሁ» እንዳትል። ቢቻል በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፋክተሩን ውሰድ፤ ከዚያ እግርህን ከፍ አድርገህ አሳርፈው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያዝበት። ወጌሻ ጋ ግን በፍጹም! ታሽቶ በማግስቱ እጥፍ ያበጠ ጉልበት አይቻለሁ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን መድማቱን ያባብሳሉ። መቀመጫ ላይ የሚወጋ መርፌ ካዘዙልህም፣ ጥርስ ከመነቀልህም በፊት ሄሞፊሊያ እንዳለብህ ተናገር።

የደረጃው ወሬ ደግሞ ይብቃ። ለክፍሉ ሁሉ አታውጅ፤ ዶርም ለሚጋሩህ ለሁለት ልጆች ግን ንገራቸው። ጭንቅላትህን ከተመታህ ደህና ብትመስልም ሆስፒታል የሚወስዱህ እነሱ ናቸው። አልጋም የታችኛውን ያዝ።

ስለ ልጆች ብዙዎች የሚያውቁት ተገላቢጦሹን ነው። ወንዶች ልጆችህ በሽታውን ካንተ አይወርሱም። ሴቶች ልጆችህ ግን ሁሉም የበሽታው ዘረመል ተሸካሚ ይሆናሉ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ሊደሙ ይችላሉ። የተሸካሚ እናት እያንዳንዱ ወንድ ልጅ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው። ለምታገባት ልጅ ይህን ከሠርጉ በፊት ንገራት።

እናትህ ምናልባት «ከኔ ነው የመጣበት» እያሉ ይብሰለሰሉ ይሆናል። ከ3 ታማሚ አንዱ ገደማ በዘሩ በሽታው ያልነበረ ነው፤ ጥፋተኛ የለም። እህት ካለችህ ግን በሚቀጥለው ቀጠሮህ ይዘሃት ሂድና ትመርመር።