የአረም ገንዘብ

ሰሞኑን አንድ ወጣት መምህር በቴሌግራም «ጋሼ፣ ለምርምሬ የመንግሥት በጀት ልጠይቅ ወይስ የለጋሽ ፕሮጀክት ልፈልግ?» ብሎ ጻፈልኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። ጥያቄው አንድ የጤፍ ማሳ አስታወሰኝ።

ያኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተመራማሪ ነበርኩ። በመስመር የተዘራ ጤፍ ከብተናው ይሻል እንደሆነ ለማየት ሙከራ ጀመርን። አንድ አባወራ ከማሳቸው ቆርሰው ሰጡን። የመጀመሪያው ዓመት ደህና አለፈ። በሁለተኛው ሰኔና ሰኞ ገጠሙብን።

እንደምታውቁት የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጤፍ የሚዘራው ደግሞ ሐምሌ ላይ ነው። ሰኔ ሲገባ ገንዘቡ ወደ መንግሥት ካዝና ተመላሽ እንዳይሆን ሁሉም ይሯሯጣል፤ የፋይናንስ ደጅ ሰልፍ ነው። ወረቀት ይገዛል፣ ቶነር ይገዛል፣ ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ይገዛል። ለነሐሴ አረም ግን አስቀድሞ መክፈል አይቻልም፤ ያልተሠራ ሥራ ነዋ! ስለዚህ የአረማችን ብር ተመላሽ ሆነ። አዲሱ በጀት «ይለቀቃል፣ ይለቀቃል» እየተባለ ነሐሴ አለቀ። የቀን ሠራተኞቹ በዱቤ አናርምም አሉ፤ ልክ ናቸው። ሙጃው መደቡን ዋጠው። መስመሩ የቱ ጋ፣ ብተናው የቱ ጋ እንደሆነ እንኳ አይለይም። አባወራው ዳር ቆመው አዩትና «የእናንተ መንግሥት ክረምት መግባቱን አልሰማም እንዴ?» አሉኝ።

ይባስ ብሎ፣ የተመለሰው ብር «ዝቅተኛ አፈጻጸም» ተብሎ ተመዘገበብንና ለሦስተኛው ዓመት የጠየቅነው ተቆረጠ። እኒያ ሰው የቱ እንደሚሻል ሳልነግራቸው ቀረሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲቋቋም ከአሜሪካ ኦክላሆማ የመጡት መምህራን ማስተማርን፣ ምርምርንና ገበሬ ዘንድ መድረስን አንድ ላይ ይዘው ነበር የመጡት። እነሱ አገር የእርሻ ምርምር ጣቢያዎች በ1887 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ከፌዴራል መንግሥት የዓመት ድርሻ አላቸው፤ ስቴቶቹም ከራሳቸው ካዝና ይጨምሩበታል። እኛ ጋ ይሄኛው ክፍል አልደረሰም።

እናንተን ወጣት ተመራማሪዎችን ሳይ ደግሞ ይገርመኛል። ፕሮፖዛል ስትጽፉ መጀመሪያ የምታሰሉት ውሎ አበሉን ነው። ሁላችሁም አይደላችሁም፤ ግን ብዙዎቻችሁ።

የመንግሥትን ገንዘብ ብቻ አትመኑ። ለጋሽ ቶሎ ይከፍላል። ግን ለጋሽ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ የጤፍ አረም ግድ የሚሰጠው ፈረንጅ እኔ አልገጠመኝም። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ የመንግሥቱን በጀት ጠይቁ፣ ተጨቃጨቁበትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፣ ገንዘቡንም ራሱ እንዲያስተዳድር ተፈቅዶለታል፤ ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። የተረፈ የምርምር ብር ሐምሌን ይሻገር ብላችሁ የምትከራከሩት አሁን ነው። እስከዚያው ዘርና ማዳበሪያውን ከግንቦት በፊት ግዙ፤ ሦስት ፕሮፎርማ መሰብሰብ ብቻ ስንት ሳምንት እንደሚበላ ታውቁታላችሁ።