መልስ፦ አፍንጫ በቀዶ ሕክምና ለማሠራት ኢስታንቡል 5 ቀን ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ 5 ቀን አይበቃሽም። አፍንጫሽ ላይ የሚለጠፈው መደገፊያ ራሱ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ ነው። ሐኪሙ አይቶ ሳይፈቅድልሽ አውሮፕላን ላይ አትውጪ።

የዓይን ዙሪያ መበለዙ በሁለት ሳምንት ገደማ ይለቃል። የአፍንጫሽ ጫፍ እብጠት ግን እስከ 1 ዓመት፣ ቆዳሽ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። በወሩ መስታወት እያየሽ «ተበላሸብኝ» እንዳትዪ! ማስተካከያ ቢያስፈልግ እንኳ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ዓመት ያህል ጠብቂ ነው የሚሉት። ያኔ ማን ያይሻል? የትኬቱንና የማስተካከያውን ወጪስ ማን ይችላል? ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ይህን በጽሑፍ አስመልሺ።

አስፕሪንና አይቡፕሮፊን ደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ ከስንት ቀን በፊት እንደምታቆሚ ጠይቂ። ሲጋራና ሺሻ ቁስሉ ቶሎ እንዳይድን ያደርጋሉ። መነጽር ለሳምንታት አፍንጫሽ ላይ አይቀመጥም። ጠባሳሽ የሚያብጥ ዓይነት ከሆነም ከሐኪሙ አትደብቂ።

ኢንስታግራም ላይ የሚታዩት የ«በፊትና በኋላ» ፎቶዎች ብዙም አያሳምኑኝም። መብራትና አንግል ብዙ ይሠራል። ይልቅ እንዳንቺ ዓይነት ቆዳና አፍንጫ ያላቸውን ሰዎች ከዓመት በኋላ የተነሱትን አሳዩኝ በይ። አተነፋፈስሽንም ቀድመው ይመርምሩት፤ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው የውስጡ ግድግዳ ጠማማ ከሆነ አብሮ ሊስተካከል ይችላል።